ጠረጴዛ የቀየሩ ልጆች

መጠጥ ለማቆም የወሰነ ወጣት ከጠርሙሱ በፊት የሚለየው ከጓደኞቹ ነው። የሚቀመጥበት ሌላ ጠረጴዛ ካላገኘ ውሳኔው ብዙ አይሰነብትም።

ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የአዲስ አበባ መልክ ይለወጣል። የሙሽራ መኪኖች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ያልፋሉ። ድራፍት ቤቶች ወንበራቸውን ወደ እግረኛ መንገዱ ያወጣሉ፤ የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳዩት ደግሞ ቴሌቪዥናቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። በዚህ ሰዓት በሀያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ስልኩ ከጠራ የሚቀርብለት ጥያቄ ባብዛኛው አንድ ነው፦ «የት ነህ?»

ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ግን ጥቂት ወጣቶች የፕላስቲክ ወንበር በክብ እየደረደሩ ነው። አዳራሹ የተውሶ ነው። በሌላ ቀን ዕድር ይሰበሰብበታል፤ የዕድሩ ድንኳንና ትልልቅ ብረት ድስቶች ጥጉን ይዘውታል። አንዲት ልጅ ጀበና ጥዳለች። ፈንዲሻው በላስቲክ ሳሕን ከእጅ እጅ ይዞራል። ዘግይቶ የመጣ አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይግባ አይግባ ያመነታል። ማንም «ግባ» አይለውም፤ አንዱ ብቻ ተነሥቶ ወንበር ይጨምራል።

እኛ እንድንገባ የተፈቀደልን በሦስት ውል ነው፤ ስም አይጻፍም፣ ፎቶ አይነሣም፣ ድምፅ አይቀዳም። እዚህ የቀረበውም ተናጋሪዎቹ «ይሄን ጻፈው» ያሉት ብቻ ነው።

ሰላምታው ከሌላው ቦታ ይለያል። «ሥራ እንዴት ነው?» የለም። «ስንት ቀን አለህ?» ይባባላሉ። አንዱ «ዘጠኝ» ይላል። አንዷ «አራት መቶ ምናምን፤ መቁጠር ትቻለሁ» ትላለች፤ እንዳልተወች ግን ሁሉም ያውቃሉ። በሩ ላይ ያመነታው ልጅ ጫማውን እያየ «ዛሬ ብቻ» አለ። የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባ ለእሱ ሆነ።

በሞቴ

በእኛ አገር መጠጥ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ጠላ ለዘመድ ይጠመቃል፣ ጠጅ ለሠርግ ይጣላል፣ ቢራ በዙር ይታዘዛል። ብርጭቆ ሲጋጭ «ለጤናችን» ይባላል። እምቢ ያለ እንግዳ «በሞቴ» ይባላል፤ ከ«በሞቴ» በኋላ እምቢ ማለት ደግሞ ጋባዡን መድፈር ነው። ግሮሰሪ ውስጥም ደንቡ ያው ነው። አምስት ሰው ከተቀመጠ አምስት ዙር ይጠበቃል፤ የራሱን ዙር ሳይገዛ የተነሣ «ቋጣሪ» የሚል ስም ተከትሎት ይወጣል።

ስለዚህ መጠጥ ያቆመ ወጣት በመጀመሪያ የሚማረው መዋሸት ነው። በጣም የታወቀው ውሸት «አንቲባዮቲክ ላይ ነኝ» የሚለው ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ለሦስት ወር በዚህ ውሸት እንደኖረ ሲናገር አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «በመጨረሻ ጓደኞቼ ከባድ ነገር ደርሶብኛል ብለው ለማሳከሚያ ገንዘብ ሊያዋጡልኝ ተነሡ። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። የሚገርመው፣ በሽታ ይዞኛል ያልኳቸው ጊዜ አዝነውልኝ ነበር፤ መጠጥ አቁሜያለሁ ስላቸው ግን ተቀየሙኝ።»

ቅያሜው ከክፋት አይመጣም። ከጠረጴዛው አንድ ሰው ሲነሣ የቀሩት ብርጭቋቸውን ለማየት ይገደዳሉ። ዐርብ ማታ ስንት እንደጠጡ፣ ደመወዙ በስንተኛው ቀን እንዳለቀ የሚያስቡት ያን ጊዜ ነው። የተነሣው ሰው ምንም ሳይናገር ፈረደባቸው።

> «ቢራው አልከበደኝም። የከበደኝ ዐርብ ማታ ስልኬ ዝም ማለቱ ነው።»

ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ገበያው አለ። ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ገዛ፤ በተከታዩ ዓመት ዲያጆ የተባለው ኩባንያ የሜታን ቢራ ፋብሪካ ገዛ። አዳዲስ ስሞችም መጡ። ቢራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኳስ፣ የሙዚቃና የአገር ፍቅር ቋንቋ ተናጋሪ ሆነ። ዛሬ ሀያ አምስት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ያደጉት በቢራ ማስታወቂያ መሀል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ማስታወቂያው በእርግጥ ከስክሪን ወርዷል። መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ ግን በዚያ ክብ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱም ገጥሞት አያውቅም።

ከበርጫ እስከ ጨብሲ

ከፈረንጅ አገር የመጣ የሱስ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አንድ ምዕራፍ ይጎድልበታል። እዚህ መጠጥ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይጠጣም፤ ጫት ይቀድመዋል። በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ ወይም በድሬዳዋ የተማረ ወጣት ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማለትም ጫት መቃም፤ ከዚያ ምርቃና፣ የጫቱ ሞቅታ፤ ጀንበር ስትጠልቅ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ያነቃቃል፤ ሐሳብ ያበዛል፣ እንቅልፍ ይከለክላል። አልኮል ደግሞ ያረግባል። የቀኑን ምርቃና ለመስበር ማታ ይጠጣል፤ የማታውን ድብርት ለማባረር በማግስቱ ይቃማል። ሁለቱ ተደጋግፈው ስለቆሙ አንዱን ብቻ መጣል ያስቸግራል።

«እኔ ችግሬ ቢራ ብቻ መስሎኝ ቢራውን ተውኩት» ይላል ከዩኒቨርሲቲ በሦስተኛ ዓመቱ የወጣ ልጅ። «ጫቱን ግን ይዤ ቀረሁ። ማታ ሲሆን ዓይኔ ፈጦ፣ ልቤ እየመታ፣ የማደርገው ጠፋኝ። በአምስተኛው ቀን ግሮሰሪ ነበርኩ።» ጫቱንም ሲያቆም ለሳምንታት «ዱካክ» የሚሉት የሌሊት ቅዠት መጣበት። ቢያንስ ስሙን ከሌሎች በመስማቱ አበድኩ ብሎ አልደነገጠም።

ባለሙያዎች ዕድሜውንም ይጨምሩበታል። ቆም ብሎ ለማሰብና ውጤትን ለማመዛዘን የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሀያዎቹ አጋማሽ ድረስ በመብሰል ላይ ነው። በ16 ወይም በ17 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሙሉ ሰው ለመሆን የሚያስፈልጉትን ብዙ ነገሮች በመጠጥ ተደግፎ ነው የተለማመዳቸው። ክቡ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ሴት ልጅ ሳይጠጣ አነጋግሮ አያውቅም። ሌላው በሠርግ ሳይጠጣ ጨፍሮ አያውቅም። አንዱ ደግሞ አባቱ የሞቱ ዕለት እንኳ በአፉ አረቄ ነበር፤ አሁን ከስድስት ዓመት በኋላ ገና ማልቀስ ጀምሯል።

«እኔ ሰካራም ነኝ እንዴ?»

ወጣትን ከሽማግሌ የሚለየው አንዱ ነገር ማስረጃ ማጣቱ ነው። ሰካራም ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት የሰፈሩ አረቄ ቤት በር ላይ የሚወድቀው ሰው ነው። እሱ ግን ሥራ አለው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጉበቱም ገና አልጮኸም። «ወጣትነት ነው፣ ሲያገባ ይተወዋል» የሚሉ ዘመዶችም አሉት።

ሐኪሞች ለዚህ አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሏቸው። መቀነስ አለብኝ ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ሰው ስለ መጠጥህ ሲናገርህ ትበሳጫለህ? በመጠጥህ ጸጸት ተሰምቶህ ያውቃል? ጠዋት ስትነሣ እጅህን ለማርጋት ወይም ሀንጎቨር ለማባረር ጠጥተህ ታውቃለህ? ሁለቱን «አዎ» ያለ ሰው ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባዋል ይባላል። ጥያቄዎቹ ስለ ብርጭቆ ብዛት አንድም ቃል አይጠይቁም። ሚዛኑ ሰውዬው መጠጡን መቆጣጠር መቻል አለመቻሉ ነው።

ብዙዎች በሁዳዴ ራሳቸውን ይፈትናሉ። ኀምሳ አምስቱን ቀን አይቀምሱም፤ «አየህ፣ ስፈልግ አቆማለሁ» ይላሉ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ «ጾሙን የምጾመው ለእግዚአብሔር አልነበረም» አለች። «ሱሰኛ አለመሆኔን ለራሴ ለማሳየት ነበር። ከዐርብ ስግደት ተመልሼ እንኳ የቅዳሜን ሌሊት እቆጥር ነበር። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይቆጥርም።»

ሦስቱ ሌሊቶች

እዚህ ላይ ሰው ግማሹን የሚያውቀውና ግማሹን አለማወቁ ሕይወት የሚያስከፍለው ነገር አለ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ብቻውን ማቆም የለበትም።

ምክንያቱን በሚኒባስ ማሰብ ይቻላል። አልኮል ለአንጎል ፍሬን ነው። ፍሬኑ ለወራት ሳይለቀቅ ሲያዝ አንጎል ላለመቆም ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል። ፍሬኑ በድንገት ሲለቀቅ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ይዞ ይበራል። በመጀመሪያው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በሁለቱ ቀናት ውስጥ በአንዳንዱ ሰው ላይ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ጥቂቶች የሌለ ነገር ያያሉ፤ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ፣ የሞተ ሰው ይጠራቸዋል፣ ትኩሳታቸው ይንራል። ይህ ደረጃ ካልታከመ ይገድላል።

ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ለጥቂት ቀናት እየተቀነሱ ይሰጣሉ፤ አንጎልን ከጉዳት ለመጠበቅ ቫይታሚን ቢ1 ይታከላል። ለዚህም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሌላ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። የቡድኑ አባላት አንድ ጽኑ ደንብ አላቸው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ የመጣ አዲስ ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይወሰዳል፣ ከዚያ ወደ ክቡ ይመለሳል። «እኛ ሐኪም አይደለንም» ይላል ከነባሮቹ አንዱ፤ «የእኛ ሥራ ከስምንተኛው ቀን ይጀምራል።»

> ሐኪሙ አንድ ሳምንት ያግዝሃል። የቀረውን ቅዳሜ ሁሉ ከማን ጋር ታሳልፋለህ?

ስለት፣ ግዝት፣ ጠበል

አብዛኛው ቤተሰብ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሆስፒታል አይደለም። እናት የልጇን መጥፋት በዓይነ ጥላ ወይም በመተት ትተረጉመዋለች። ስለት ትሳላለች፤ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ታስገባለች። ልጁም በካህን ፊት ይገዘታል። ከዚያ እንጦጦ ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይወርዳል።

በዚህ መሳቅ አላዋቂነት ነው። ጠበል ቦታ ያለውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ልጁ ከሰፈሩ ርቋል፣ ግሮሰሪ የለም፣ ማለዳ ይነሣል፣ ቆሎና ዳቦ ይበላል፣ አጠገቡ የተኛው ሰውም ታማሚ ነው። ብዙዎች እዚያ ሳሉ የሚሻላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠረጴዛቸው ተቀይሯል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ ያልነው የሦስቱ ሌሊት አደጋ ነው፤ የሌለ ነገር እያየ የሚጮኽ ልጅ ሰይጣን እየለቀቀው ነው ተብሎ ከታሰረ መድኃኒት ሳያገኝ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው መመለሱ ነው። ከተራራው የወረደ ልጅ የሚገባው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ዐርብ ማታ ነው።

አንድ ቄስ ሐሳባቸውን በአጭሩ ነገሩን፦ «ጠበልና ኪኒን አይጣሉም፤ የሚጣሉት የያዟቸው ሰዎች ናቸው።» አገሪቱ ይህን በኤችአይቪ ጊዜ ተምራዋለች። ያኔ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል።

ዐሥራ አምስት ደቂቃ

ታማሚ ለታማሚ መድኃኒት ይሆናል የሚለው ሐሳብ ስም ያገኘው በአሜሪካ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1935፣ የጣሊያን ጦር መረብን ከመሻገሩ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ካቆመ አምስት ወሩ ነበር። ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄደ፤ ሥራው ከሸፈ። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ በአንድ በኩል የባሩ ጫጫታ ይጠራዋል፤ በሌላው በኩል የሕዝብ ስልክ አለ። ወደ ስልኩ ሄደና የአብያተ ክርስቲያናትን ቁጥር እየደወለ እንግዳ ነገር ጠየቀ፤ የማነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ አለ።

ያገናኙት ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ነው። ሐኪሙ መካሪ ሰልችቶታል፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እሰጠዋለሁ ብሎ መጣ። ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ዊልሰን አልመከረውም፤ የራሱን ውድቀት ብቻ ነገረው። ዶክተር ቦብ ከዚያ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወደቀ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1935፣ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር ልደት ሆኖ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ላይ ማኅበሩ የጎልማሶች ነበር። ቤቱንም ሚስቱንም ሳያጣ የመጣን ወጣት «አንተ ገና ነህ» ብለው የሚያዩት ነበሩ። ወጣቶቹ የራሳቸውን ስብሰባ መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በኒያግራ ፎልስ የተደረገው የወጣት አባላት ጉባኤ ከዚያ ወዲህ የሚቀጥል ልማድ ሆነ። ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ገደሉ ሥር ሳይደርሱ መመለስ ይቻላል።

ይሠራል ወይ? ኮክሬን የተባለ የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው፣ 27 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ እንዲህ ወዳሉ ስብሰባዎች በሥርዓት የሚያስገቡ ሕክምናዎች ሰውን ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በማራቅ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እኩል ወይም የተሻሉ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። ስብሰባዎቹ የሚጠይቁት ክፍያ የለም። የአባልነት መስፈርቱም አንድ ነው፤ ማቆም መፈለግ።

ክቡ ውስጥ

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ሥርዓቱ ጥቂት ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ማቋረጥ፣ መምከር፣ «እኔ ብሆን» ማለት አይፈቀድም። ሽማግሌ ሲናገር ዝም ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ሽማግሌ አለመኖሩ ነው። የዘጠኝ ቀኑ ልጅና የአራት መቶ ቀኗ ልጅ እኩል ሰዓት አላቸው።

የሠላሳ ቀን የሞላው ሰው ከቡድኑ የአንድ ብር ሳንቲም ይሰጠዋል። ዛሬ በአንድ ብር የሚገዛ ነገር ስለሌለ አይመነዘርም፤ ኪስ ውስጥ ይኖራል። አንዱ ከግሮሰሪ በር የተመለሰው ለታክሲ ሳንቲም ሲፈልግ እጁ እሷን ስለነካ ነው።

እያንዳንዱ አዲስ ሰው የሚደውልለት አንድ ነባር ሰው ይመርጣል። ከውጭ ለሚያይ የንስሐ አባት ይመስላል። ልዩነቱ የንስሐ አባት በኃጢአትህ አለመገኘታቸው ነው፤ ይኼኛው ግን ተገኝቷል። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩለት» ይላል አንድ የራይድ ሹፌር። «አረቄ ቤቱ ፊት ለፊት መኪና አቁሜያለሁ አልኩት። ‹የትኛው አረቄ ቤት?› አለኝ። ነገርኩት። ‹እዚያ እኮ ሽንት ቤቱ በር የለውም› አለኝ። ሳቄ መጣ። ሃያ ደቂቃ ስለዚያ ሽንት ቤት አወራን፤ ከዚያ ሞተር አስነሥቼ ሄድኩ።» ይህን ስልክ የትኛውም ስፔሻሊስት ሊመልሰው አይችልም።

አራት ነገሮችን እንዲጠነቀቁ ይማማራሉ፤ ረኀብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነት፣ ድካም። ሰው ጠጣ የሚለውን ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ከአራቱ የትኛው እንዳለበት ይጠይቅ ይባላል። ብዙ ጊዜ መልሱ ሽሮ ነው፤ ወይም እንቅልፍ።

መውደቅም አለ። ባለፈው ወር የመቶ ቀን ባለቤት የነበረ ልጅ ከእኅቱ ሠርግ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ከአንድ ጀመረ። ማንም አልገሠጸውም፤ ጥያቄው «ምን ሆነህ ነው?» ሳይሆን «ከመጠጣትህ ከሁለት ቀን በፊት ምን ነበር?» የሚል ነበር። ሲያስበው የጣለው ሠርጉ ሳይሆን ከሠርጉ በፊት ለቡድኑ መደወል ማቆሙ ነበር።

> ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

የሴቶቹ ማክሰኞ

ሴቶቹ ማክሰኞ የብቻቸው ይገናኛሉ። ወንድ ሲሰክር «ጠጣ» ይባላል፤ ሴት ስትሰክር «ተበላሸች» ትባላለች። ስለዚህ ሴት የምትጠጣው ተደብቃ ነው። በስፕራይት ጠርሙስ፣ በመኝታ ቤት፣ በር ተቆልፎ። ጓደኞቿ ስለማያውቁ የሚያስቆማት የለም፤ ስታቆምም የሚያበረታታት የለም። አንዷ እንዲህ አለች፦ «ወንዶቹ ጠረጴዛ ቀየርን ይላሉ። እኔ ጠረጴዛ አልነበረኝም። ከሰው ጋር መቀመጥን የጀመርኩት እዚህ ነው።»

የማይመቻቸው

ይህ መንገድ ለሁሉም አይሆንም። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ዐሥራ ሁለት እርምጃዎች ስለ ከፍተኛ ኃይል ያወራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ተኳርፎ ለኖረ ወጣት ይህ ሊከብደው ይችላል። በሌላው ዓለም እንደ ስማርት ሪከቨሪ ያሉ ሃይማኖት የማይነኩ ቡድኖች አሉ፤ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ሌላ ማስጠንቀቂያ አላት፦ «ከመጠጡ ሥር ድባቴ ያለበት ልጅ ይመጣል። ማውራት ብቻውን አያድነውም። ቡድኑም ሐኪሙም ያስፈልጉታል።»

ትልቁ ችግር ግን ምሥጢር ነው። አገሩ ሰፊ ቢሆንም ሰፈሩ ጠባብ ነው። ሳሪስ የሚኖር ልጅ ሳሪስ ያለ ስብሰባ አይገባም፤ ሁለት ታክሲ ይዞ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ከባሕር ማዶ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ ስብሰባ ሞልቷል። እዚያ ያደገ አንድ ወጣት በስልክ እንደነገረን በእንግሊዝኛ ስለ ራሱ ማውራት አይከብደውም፤ እናቱ የሰደበችበት ቋንቋ አይደለምና። «ሰካራም» የሚለው ቃል ግን በእንግሊዝኛ አይወጣለትም። ለዚያ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ጋ ይደውላል። እዚያ ሌሊቱ ሲከብድ እዚህ ነግቷል፤ ጓደኛው ታክሲ እየጠበቀ ያነሣለታል።

ከእኛው ቤት

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ይመስላል። ነገር ግን ዕድርን ያሰበ አገር ክብ ሠርቶ መቀመጥን ማንም አላስተማረውም። ሐዘን ለአንድ ቤት ይበዛል ብለው ድንኳንና ድስት በጋራ የገዙ ሰዎች የራስ አገዝ ቡድንን ሐሳብ ከአክሮን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። ኤችአይቪ ስሙ የማይጠራ በነበረበት ዘመን መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉትን ማኅበራት የመሠረቱት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ሐኪም ያልቻለውን፣ ሰውን ከቤቱ ማውጣትን፣ እነርሱ ቻሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መደበቅ የሚያስፈልገው ደግሞ የሚሰማው ባጣ ጊዜ ነው።

ባህላችን ለማይጠጣውም ቦታ ነበረው። በደህና ድግስ ቤት ጠጅ ለማይቀምስ እንግዳ ብርዝ፣ ያልፈላው የማር ውሃ፣ በዚያው በብርሌ ይቀርብ ነበር። «ለምን አትጠጣም?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ብርሌውን እንደ ሰው ይዞ ይጫወት ነበር።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ወንበሮቹ ተነሥተው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። በሩ ላይ ያመነታው ልጅ ሲኒ እያጠበ ነበር። ስልኩ ጠራ፤ አየውና ኪሱ ከተተው። ከውጭ የኳስ ጩኸት ይሰማል።

ለአንባቢ የምንለው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሠርግ ወይም ዐርብ ማታ ከጎናችሁ የተቀመጠ ወጣት አምቦ ውሃ ካዘዘ ምክንያቱን አትጠይቁት። ዙሩ ሲደርስ ለእሱም አምቦ ይምጣለት። «በሞቴ» አትበሉት። ምናልባት ያ ቀን የመጀመሪያው ይሆናል።